እግሬን ያላወረድኩበት ዓርብ

አስቀድሜ ጉራዬን ላውራ፤ ኀፍረቴ ያለ እሱ አይገባም። ኩዌት ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠገንበት ጋራዥ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ከፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝና የሚያሠራኝ ኩዌታዊ፣ ትራያል የሚባለውን ስፖርት እንደ ነፍሱ ይወዳል። ትራያል ሩጫ አይደለም። ቀላል ሞተር ላይ ቆመህ ድንጋይ፣ በርሜልና የተከመረ ጎማ ላይ ቀስ ብለህ ትወጣለህ፤ እግርህ መሬት ከነካ ጥፋት ይቆጠርብሃል። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ግቢ እሱ ራሱ አስተማረኝና እኔ በለጥኩት። በርሜል ላይ ወጥቼ ሳልነቃነቅ ስቆም እንግዶቹን እየጠራ ያሳየኝ ነበር። ደስማ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴም ቪዲዮዬን ለማዳሟ ሳይቀር አሳይታለች። ታዲያ ምን ይደረግ፣ ልቤ አበጠ።

እዚያው ጋራዥ አንድ መካኒክ ነበር፤ የአገሬ ልጅ፣ ኸይጣን የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር። ዝምተኛ ነው። እህቴን በእኔ ስልክ ሰላም ከማለት አልፎ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈ፣ ቀና ሳይል፣ አገር ቤት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የእኔን ፈቃድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አባታችን በሕይወት የለም፤ የእህቴን ነገር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለእሷ ስነግራት ሳቀች፤ ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቀውም፣ በአካል ልየው አለች። ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ትለቃታለችና ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲተያዩ ተስማማን።

ያ ዓርብ የእሱ ቀን ነበር። እኔ ቀማሁት። ከፊሌ በዚያው ሳምንት የሞቶክሮስ ሞተር ገዝቶ አመጣና ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአሸዋ ሜዳ ላይ እንድሞክረው ፈቀደልኝ። ሞቶክሮስ በፍጥነት ከጉብታ ጉብታ እየዘለሉ መብረር ነው። ነድቼው አላውቅም። ቢሆንም ሞተር ያው ሞተር ነው ብዬ፣ መተያየቱ እዚያው ይሁን፣ እህቴም ትየኝ አልኩ። መካኒኩ ሞተሩን ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ፤ ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱን፣ የቀረው ነገር የለም። ሲጨርስ ሁለት ምክር ብቻ ሰጠኝ፦ ኩርባ ላይ እግርህን ዘርጋ፤ ጉብታው ጫፍ ላይ ስትደርስ ነዳጅ አትቀንስ። ስምንት ዓመት ሙሉ የነዳሁትን ሰውዬ አንተ ልታስተምረኝ ነው ወይ ብዬ አሾፍኩበት። ሳቀና ተወው።

ዓርብ እህቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች የጋራዡ ፒካፕ ውስጥ ገባች። ለእኔና ለእሱ በሁለት ሳህን ምግብ ቋጥራለች፤ የእሱ ከእኔ በርከት እንደሚል ልብ ብያለሁ። እሱ ደግሞ ሸሚዙን ተኩሷል፤ ሞተር ለማውረድ የተተኮሰ ሸሚዝ! አንዳንዴ በመስታወቱ ሲተያዩ እሷ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ዝም ብል ምን ነበረበት? መንገዱን ሙሉ ስለ ራሴ የለፈለፍኩት እኔ ነኝ።

ትራያል ውስጥ ከመንዳትህ በፊት መንገዱን በእግርህ ዞረህ ታጠናለህ። እኔም ሄልሜቴን በብብቴ ይዤ እያንዳንዱን ጉብታ ስመረምር፣ ሌሎቹ ነጂዎች ምን ጠፍቶብህ ነው እያሉ ሳቁብኝ። ቆይ ታያላችሁ አልኩ በሆዴ።

አዩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ሸሸ። እግሬን ባወርድ ኖሮ አልወድቅም ነበር። እግሬ ግን እምቢ አለ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ መሬት መንካት ጥፋት ነው ሲባል የኖረ እግር ነው። እንደ ጆንያ ዘጭ አልኩ። ተነሣሁና በእልህ ወደ ትልቁ ጉብታ ገሰገስኩ። ጫፉ ላይ ስደርስ ከወዲያ ያለውን ሳላይ አልዘልም የሚለው አመሌ መጣብኝ፤ ልክ በርሜል ላይ እንደማደርገው ነዳጁን ቀነስኩ። የፊት ጎማው ቁልቁል ተተከለ፤ እኔም በመሪው ላይ አልፌ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ከኋላዬ የመጣው ነጂ ለጥቂት ሳተኝ፤ በዓረብኛ ያወረደብኝን ስድብ አልደግመውም።

እህቴ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ መጣች። ምን ሆነህ ነው እያለች ታለቅሳለች። አፌን አሸዋ ሞልቶታል። እውነቱ አጭር ነበር፦ አልቻልኩበትም። ይህችኑ ቃል ማለት አቃተኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«ፍሬኑ ያዘብኝ» አልኳት።

የቆመው ሰው ሁሉ ወደ መካኒኩ ዞረ። እሱ ተንበርክኮ የፊቱን ጎማ በእጁ አሽከረከረው። ጎማው ያለ ምንም እንከን ዞረ። አየሁት፤ ማየቴንም አየ። እህቴ ከከንፈሬ የሚወርደውን ደም በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ስለነበር ልብ አላለችም። እሷን ተመለከታት፤ ከዚያ ጎማውን በመዳፉ አቁሞ ተነሣ።

«እኔ ነኝ። በደንብ አላየሁትም» አለ።

ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! አልዋጠችኝም፤ ይልቅ ተቀምጠን ምግብ በላን። እህቴ ሳህኑን ስታቀብለው ቀና ብላ አላየችውም።

ደስማ ስንደርስ እሱ ከመኪናው አልወረደም። እኔ እስከ በሩ ሸኘኋት። እሱን ሰውዬ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ፣ ወንድሜን ሊገድልብኝ ነበር አለችኝ። መናገር ከነበረብኝ ያቺ ሰዓት ነበረች። «እሺ» አልኳት።

እሱ ምንም አልጠየቀኝም። ኸይጣን ገብተን ሸሚዙን አጥቦ ሰቀለው። ከሦስት ቀን በኋላ እህቴ እንዳልፈለገች ስነግረው፣

«ወንድሟ ነህ። በፊቷ አሳፍሬህ እንዴት እህትህን ስጠኝ እላለሁ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ነገ እነግራታለሁ እል ጀመር። ነገ፣ ዓርብ፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ። እሱ ፋሐሂል የሚባል ሰፈር ሌላ ጋራዥ አገኘና ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ። ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ደወለልኝ፤ አገር ቤት ለሌላ ልጅ ሽማግሌ ልኮ እሺ እንደተባለ፣ የሥራ ፈቃድ ካገኘሁ ሚዜው እንድሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ከምሬ ነው፣ ደስ አለኝ፤ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ከዚያ ዓርብ ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ይሄ ቅለቴ ነው።

ስልኩን እንደዘጋሁ ለእህቴ ደወልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ሊያገባ መሆኑንም ጭምር። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይጮኻል። ፍሬኑ ደኅና መሆኑን እሱ ያውቅ ነበር ወይ አለች። ያውቃል አልኳት። ታዲያ ለምን አሁን ነገርከኝ አለች። ኅሊናዬ እንቅልፍ ነሥቶኝ ምናምን ብዬ ጀመርኩ።

«አይደለም ጋሼ። አሁን ምንም ስለማይጎድልብህ ነው» አለችኝ።

ቀጥላ በዚህ ዓርብ እንዳልመጣባት ነገረችኝ። ያ ዓርብ ካለፈ ብዙ ሆነ፤ እስካሁን ና አላለችኝም።

ከእህቴ ጋር በስልክ በተነጋገርን ማግስት ከፊሌ እንግዶች ይዞ መጣና ሞተሩን አስነሣ አለኝ። በርሜሉ ላይ ወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የምቆምበት በርሜል ነው፤ ግን ሚዛኔን ስቼ ወረድኩና ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ። ከፊሌ ጎንበስ ብሎ ጎማውን እያየ ፍሬኑ ነው እንዴ አለኝ።

«አይ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

ምንም አይደል፣ ድገመው አለና ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ።