የአትንኩት ጠርሙስ

በፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ሁሉ የሚጠራት «አትንኩት» ብሎ ነው። ጥፋቱ የራሷ ነው። በመመርመሪያ ክፍሏ መደርደሪያ ላይ በተኮለኮለው ጠርሙስ ሁሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አትንኩት» ብላ ትጽፋለች፤ ይህ አልበቃ ብሏት በሩን ገፋ ያደረገውን ሁሉ ገና ሰላም ሳትለው «አትንኩት!» ትለዋለች።

ሥራዋ መጠበቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፋብሪካው የሚያመርተው ሶስም ሆነ ጭማቂ ሱቅ ከመድረሱ በፊት እሷ ዘንድ ይከርማል። ከፊሉን ሙቀት ሳጥን ውስጥ ትከታለች፣ ከፊሉን በቀጭን ቱቦ ሞልታ በሚያሽከረክር ማሽን ታዞራለች፣ የቀረውን ቁጭ ብላ ታየዋለች። ዘይቱ ከላይ ከሰፈፈ ወይም የማንጎው ጭማቂ ከታች ከዘቀጠ ወደቀ ማለት ነው። «ጠርሙስ እያየች ደመወዝ የምትበላ» እያሉ ያሾፉባታል። ሥራዋን ስለምትወድ አብራ ትስቃለች። የምትጠላው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመጠቀምዎ በፊት ይነቅንቁ» የሚለውን ጽሑፍ።

«ይሄ እኮ የራሳችንን ሥራ ለገዢው ማሸከም ነው!» ትላለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው የተቀመጠው ኩሽናው በር አጠገብ ነው። እንቁላል አይስማማውም፤ ትንሽ ከቀመሰ ከንፈሩ ያብጣል። የሚስቱ ፋብሪካ ሶስ ሁሉ ደግሞ እንቁላል አለበት። ስለዚህ ሰውዬው ከተጋቡ ጀምሮ ድንቹንም ሰላጣውንም በጨው ብቻ ሲበላ ኖሯል። ይህ አንጀቷን ይበላት ነበር። የሰውን ሶስ ስትጥል የኖረችው ሴትዮ በመጨረሻ የራሷን ሠራች፤ ዘይት፣ ሎሚ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፤ እንቁላል የሚባል የለበትም። ባሏ በድንች ቀመሰውና ሳህኑን በጣቱ ጠረገ።

የፋብሪካው ኃላፊም ቀምሶ ወደደው። «ሳይለያይ ከቆየ እናመርተዋለን» አላት። «ግን ሙቀት ሳጥንሽ ብቻ አይበቃኝም። ተራ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ እንዴት እንደሚሆን አሳዪኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቧ ተንጠለጠለ። አንዱን ጠርሙስ ቤቷ ወስዳ የኩሽናው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችና ያችኑ የለመደችውን ቃል ጻፈችበት። ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሄዳ ታየዋለች።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ፋብሪካ ሙቀት ሳጥን ውስጥ የከረሙት ጠርሙሶች በየተራ ከላያቸው የዘይት ቀለበት አወጡ። የቤቱ ግን ነጭ እንደሆነ ቆየ። ኃላፊው ደስ አለው። «አየሽ፣ ያበላሸው ሙቀቱ ነው! የቤቱ ከቆየ ምን ቀረን? ነገ አምጪውና እፈርማለሁ።»

ያን ማታ ቤቷ የገባችው እየከነፈች ነው። ጠርሙሱን ልታወርድ እጇን ዘረጋችና ባለችበት ቀረች። አንገቱ ላይ፣ ሶሱ ከሚደርስበት ከፍ ብሎ፣ ነጭ ቅባት ተለጥፏል። ያልተነካ ጠርሙስ አንገቱ ንጹሕ ነው።

«ስማ አንተ፣ ይሄን ጠርሙስ ማን ነካው?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «ማን ይነካዋል?»

«አንገቱን እየው እስቲ።»

ባልየው ጠርሙሱን አየ፣ ጣራውን አየ፣ በመጨረሻ ጫማውን አየ። «ቀን ቀን ዘይቱ ከላይ ይወጣል። መጥተሽ እንደዚያ ሆኖ ብታገኚው ቅስምሽ ይሰበራል ብዬ ነው። ልትመጪ ስትይ ነቅነቅ አደርገውና እመልሰዋለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እሑድስ? እሑድ ቤት እውል የለ?»

«እሑድ ገና ሳትነሺ፣ ደግሞም ዞር ስትዪ።»

እውነቱን ለመናገር ጠርሙሱን አናቱ ላይ ልትሰብርበት አምሯት ነበር። ነገ ኃላፊው ፊት ቆማ የገዛ ሶሷን በገዛ አፏ ልትጥል ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባሏ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፍቶት አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር ያፍተለትላል።

ይሁን እንጂ የሥራ አመል የት ይሄዳል? አፍንጫዋን ጠረግ አደረገችና፣ «ስንት ጊዜ ነው የምትነቀንቀው?» አለችው።

«አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ።»

«ወዲያው አንድ ይሆናል?»

«ወዲያው!»

«ትናንትም? ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን?»

«ምንም አልተለወጠም ስልሽ!»

አትንኩት ቀና ብላ አየችው። ሰውዬው ሳታዘው ሌላ ሙከራ፣ የመነቅነቅ ሙከራ፣ ሲሠራላት ከርሟል። ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ምሕረት ማግኘቱን ሲያይ አብሯት ሳቀ።

በማግስቱ ለኃላፊው አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ሶሱ ይለያያል፤ የቤቱ ጠርሙስም ተነክቷል። ከዚያ ወደ መደርደሪያዋ ሄደችና የዘይት ቀለበት ያወጡትን ጠርሙሶች እያነሳች በገዛ እጇ ነቀነቀቻቸው። ሁሉም አንድ ሆኑ።

«እንግዲህ ምን እንደሚጻፍበት ታውቂያለሽ» አላት ኃላፊው ሳቁን እየዋጠ።

ታውቃለች። ያንን የምትጠላውን ጽሑፍ ጥርሷን ነክሳ ጻፈችው።

ዛሬ ያ ሶስ በየሱቁ አለ፤ ከእነሱም ጠረጴዛ አይጠፋም። ምሳ ሲቀርብ ዘይቱ ከላይ ሰፍፎ ይጠብቃቸዋል። ባልየው ድንቹን ሳህኑ ላይ ያወጣና እጁን ወደ ጠርሙሱ ይዘረጋል፤ ከመድረሱ በፊት ግን ቀና ብሎ ፊቷን ያያል።

«ልንካው?»

«ንካው» ትለዋለች፣ የራሷንም ሳህን ወደ እሱ እያስጠጋች።