በአመድ የታጠቡ ቱቦዎች

ችኩል ነኝ። እናቴ ደጎሎ ልጅ ሳለሁ ጀምራ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች አሳድጋኛለች፤ ለማስተርስ ጥናቴ መካነ ሰላም መጥቼ ላብራቶሪ ስገባም ጠባዬ አብሮኝ ገባ።

ሰውነታችን ሲሠራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ያመነጫል፤ እሱን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚበትን ኢንዛይምም አለን። የእኔ ሥራ ከብረታ ብረት ያዘጋጀኋቸው ውህዶች ያንን ኢንዛይም ይተኩ እንደሆነ መለካት ነበር። ከሠሩ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይነሳል፤ ካልሠሩ ዝም ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የመዳቡ ዝም አለ። የኒኬሉም ዝም አለ። የቀረኝ ማንጋኒዝ ብቻ ነበር፤ አማካሪዬም «ይህም እምቢ ካለ ርዕስ እንቀይራለን» ብሎኛል። ያ ማለት ልፋቴን ሁሉ ጥዬ ከሀ መጀመር ነው።

የማንጋኒዙን ጨመርኩ። አረፋው ተንጣጣ! እልል አልኩ። ላብራቶሪውን የሚያጸዱት እማማ ከኮሪደሩ ሰምተው፣ መወልወያቸውን እንደያዙ ገብተው፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ እልልታዬን ተቀበሉኝ። አጠገቤ የቆመው አማካሪዬ ግን ዳር ላይ ወዳለችው ቱቦ እያየ «ይቺስ?» አለኝ።

እሷ ውስጥ ከፐርኦክሳይድ በቀር ምንም አልጨመርኩም። ዝም ማለት ነበረባት፤ ግን እሷም አረፋ ታወጣለች። እንግዲያው ያየሁት ሁሉ የውህዴ ሥራ ላይሆን ይችላል። እልልታ መልሶ መዋጥ ቢቻል ኖሮ እውጠው ነበር።

ኬሚካሉን ጠርጥሬ አዲስ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ውሃውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን በዚያ ብርድ በማለዳ ስገባ እማማ ቱቦዎቼን አንድ በአንድ በተነፋ አመድ እያሹ ያጥባሉ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ሳሙናው ካለቀ ሳምንት ሆነው እኮ ልጄ። ቤቴ ብርጭቆ የማጥበው በዚህ ነው። እዪው እስቲ፣ ወላሂ መስታወት ነው ያስመሰልኩት!»

ደሜ ፈላ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ቱቦው እውነትም ያበራል፤ እናቴም ብርጭቆ የምታጥበው በዚሁ ነው። ፐርኦክሳይዱን የሚያፈላው አመዱ ውስጥ ያለው ማዕድን ነበር። ስፈልገው የሰነበትኩት ያደግኩበት ነገር ሆነና ጩኸቴ ሳቅ ሆኖ ወጣ። ነገሩን፣ ርዕሴ ሊቀየር እንደሚችል ጭምር፣ ስነግራቸው ግን እሳቸው አልሳቁም።

«ያ ረቢ! ድካምሽን አበላሸሁት?»

«ገና አልታወቀም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

እኔ በአሲድ፣ እሳቸው በተጣራ ውሃ እያለቀለቁ ሁሉንም እንደገና አጠብን። ከዚያ ፐርኦክሳይዱን ቀዳሁ። የመጀመሪያዋ ቱቦ ዝም አለች። ዝምታን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ሁለተኛዋ ላይ ማንጋኒዙን ጠብ አደረግኩ። ትንሽ ቆየች፤ ከሥሯ አንድ አረፋ ተነሳ፣ ሌላ ተከተለ፣ ከዚያ ተንጣጣች። በዚህኛው እልል ያሉት እማማ ናቸው፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር።

እልልታቸውን ሲጨርሱ ከጣሳቸው ቁንጥር አመድ ይዘው መጡ። «የኔንም ሞክሪያት» አሉ። ሦስተኛ ቱቦ ቀዳሁላቸው። አመዱ ሲገባ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«በለጥኩሽ!» ብለው ሳቁ። ጨርቃቸውን አንስተው የፈሰሰውን እየጠረጉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አሁን ርዕሱ አይቀየርም አይደል?» አሉኝ።

«አይቀየርም፣ እማማ።»

«አልሀምዱሊላህ! በይ እንግዲያው ሳሙና አስገዢልኝ።»