ለሰፊው ፊልም የሚሆን ስካነር

እናቴን አላውቃትም። ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። በሞተችበት ሰሞን ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ ፎቶግራፎቿን ከየዘመዱ ቤት ሰብስቦ በገዛ እጁ አቃጠላቸው። በእኛ ቤተሰብ ዘንድ ይህ እንደ ጭካኔ አይቆጠርም ነበር። የሞተች ሴት ምስል የባዕድ ዓይን ሊያርፍበት አይገባም ይባል ስለነበር፣ አጎቴ ለእኅቱ የመጨረሻውን ክብር የሰጣት በዚህ መንገድ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበረው አባቴ እሳቱን ቆሞ ተመለከተ አሉ። ፎቶው የሚታተምበት፣ ነጩን ጥቁር ጥቁሩን ነጭ አድርጎ የሚይዝ ኔጋቲቭ የሚባል ፊልም መኖሩ ግን ከሐዘንተኞቹ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም፤ አባቴም አላስታወሳቸውም።

አባቴ ሲያርፍ ፎቶ ቤቱ ተዘጋና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጅቡቲ ድረስ ተላከልኝ። በዚያን ጊዜ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ሰነድ አዘጋጅ ሆኜ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ብቻዬን እኖር ነበር። በቆርቆሮው ውስጥ የነበሩት ፊልሞች ከእርጥበት ብዛት እርስ በርስ ተጣብቀው ስለነበር ሳይበላሽ ያገኘሁት አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ሰዎች የሚያውቁት ጠባቡ ፊልም አልነበረም፤ የድሮ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ አንዱ ምስል ከክብሪት ቀፎ የሚሰፋ ፊልም ነው። አባቴ መጠቅለያው ላይ «የቤት» ብሎ ጽፎበታል። በደንበኛ ፊልም ላይ የደንበኛውን ስም ይጽፍ ነበር፤ የሚስቱን ስም ግን በወረቀት ላይ እንኳ የሚያሰፍር ሰው አልነበረም። ስለዚህ እናቴ በዚያ ቁራጭ ላይ እንዳለች አልተጠራጠርሁም።

ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ስመለከት ጥርሷ የጠቆረ፣ ፊቷ የከሰለ፣ ከሻሿ ሥር ጸጉሯ የነጣ አንዲት ሴት ታየችኝ። ከእሷ ወደ ግራ ያለው የፊልሙ ክፍል፣ የእርጥበት እድፍ ከመሰሉኝ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣቦች በቀር፣ ባዶ ይመስል ነበር።

ፊልም የሚያጥብ ሰው በከተማው ፈልጌ አጣሁ። የቢሮውን ስካነር ብሞክር ያወጣልኝ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ሆነ። ምክንያቱን ከኢንተርኔት አንብቤ ተረዳሁት፦ የቢሮ ስካነር ወረቀትን የሚያነበው ከሥር አብርቶ ነው፤ ፊልም ግን ብርሃኑ ከላይ፣ ከክዳኑ መጥቶ በመካከሉ ሊያልፍበት ይገባል። ክዳኑ የሚያበራ ስካነር ያስፈልገኝ ነበር፤ ያውም ደመወዜ የሚችለው።

ወላጆቹ ከሐረር የመጡ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ።

«ፊልም? ወላሂ አንተ ልጅ ከየትኛው ዘመን ነው የመጣኸው?» አለና ሳቀብኝ።

«ክዳኑ መብራት ያለው አለዎት?»

«አለና!» አንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ ከፈተልኝ። በክዳኑ መካከል ጠባብ የብርሃን መስኮት ነበር።

«የእኔ ፊልም ከዚህ ይሰፋል» አልሁት።

«ታዲያ ቀስ እያልክ ታንሸራትተዋለህ! ሰፊ ክዳን ያለውን ከፈረንሳይ አስመጣልሃለሁ፤ እስኪደርስ አግብተህ ልጆችህን ትድራለህ።»

ካርቶኑ ላይ በትልልቁ የተጻፉት የጥራት ቁጥሮች አማለሉኝና ገዛሁት። ለእንዲህ ያለ ፊልም ከቁጥሩ ይልቅ የብርሃኑ ስፋት እንደሚበልጥ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፊልሙን አስተካክዬ ሴትዮዋን ከብርሃኑ መስኮት ሥር አደረግኋት። ምስሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ከላይ ወደ ታች እየተገለጠ ሲወርድ መጀመሪያ ግንባር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያም ፈገግታ መጣ። ወጣት ነበረች፤ በቀጥታ ትመለከተኛለች። የሚበቃኝን ያገኘሁ መሰለኝና ባዶ ነው ያልሁትን የፊልሙን ወገን ለማየት አልደከምሁም።

ጅቡቲ ውስጥ ከቀትር በኋላ ጫት ከገባ ወዲያ ሰው ሁሉ ከወዳጆቹ ጋር በየቤቱ ይከተታል፤ መንገዱ ለሙቀቱና ለፍየሎቹ ይቀራል። እኔ አልቅምም፤ የሚጠራኝም ሰው አልነበረም። እነዚያን ሰዓታት ከእሷ ጋር ማሳለፍ ጀመርሁ። ምሳዬን ከፊቷ ተቀምጬ እበላለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሰላም እላታለሁ። አንዳንድ ቀን መስታወት ይዤ አገጬን ከአገጯ፣ ቅንድቤን ከቅንድቧ አስተያያለሁ። ወራት ቢያልፉም የሚመሳሰል ነገር አጣሁ። በመጨረሻ ቁጣውን እየፈራሁ ምስሉን በስልክ ለአጎቴ ላክሁለት። በሕይወት ካሉት ዘመዶቼ ፊቷን አውቃለሁ ሊል የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

ወዲያው ደወለ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከአባቴ ቆርቆሮ፤ ከኔጋቲቭ ነው የወጣው።»

ስድቡን ስጠብቅ፣ «ይቺ እናትህ አይደለችም» አለኝ። «የጎረቤታችን ልጅ ናት። ለእጮኛዋ የሚላክ ፎቶ ፈልጋ፣ ወንድ ፎቶ አንሺ ፊት ብቻዋን መቀመጥ አፍራ፣ እናትህን እየጎተተች ወሰደቻት። አብረው ነው የተነሡት። ሌላው ግማሽ የታለ?»

ባዶ የመሰለኝ ቦታ፣ ከነእድፉ፣ እናቴ ነበረች። ከራሷ ጀምሮ ጥቁር ተከናንባለች፤ ጥቁር ልብስ ደግሞ ኔጋቲቭ ላይ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። ፊልሙን ወደ ጎን አንሸራትቼ ደግሜ ሞከርሁ። የብርሃኑ ጠርዝ ግን በጉንጯ ላይ አረፈ፤ ሁለቱን ቁራጮች ባጋጥማቸው አንዱ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ፣ ፊቷ ላይ የቢላዋ መስመር የመሰለ ነገር ተጋደመ። የጎረቤቷን ልጅ ምስል ከኮምፒዩተሩ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ምሳዬን ስበላ ከፊቴ ማንም አልነበረም።

ሰፊ ክዳን ያለውን ስካነር ያገኘችልኝ ዓርብ ዓርብ ምሳ በምበላበት ቤት የማገኛት፣ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ የምትኖር አንዲት የወሎ ሴት ናት። ፈረንሳዮች የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ በበጋው ሙቀት ዕቃቸውን ሸጠው ነው የሚሄዱት።

«ማዳሜም እየሸጠች ነው» አለችኝ። «አንተ የምትለው ዓይነት ማሽን አላት፤ ሳጸዳው ክዳኑ ወገቤን ነው የሚቆርጠኝ።»

«ክዳኑ ውስጡ ምን ይመስላል?»

«እኔ ምን አውቄ ወንድሜ! የሰው ዕቃ የምከፍት ትመስልሃለሁ?» ጉርሻዋን ዋጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። እንደ መስኮት።»

አሮጌ ስለነበር አዲሱን ከገዛሁበት ባነሰ ዋጋ ተሰጠኝ። ፊልሙን ይዞ የሚያቆመው የፕላስቲክ ማቀፊያ ጠፍቶ ስለነበር በካርቶን ቆርጬ ሠራሁለት። መብራት ሁለት ጊዜ ሥራዬን አቋርጦ ከሄደና ከተመለሰ በኋላ ፎቶግራፉ ሙሉውን ወጣ።

እናቴ ካሜራውን አታይም። ፊቷን ወደ ጎረቤቷ አዙራ የልጅቱን ሻሽ ጠርዝ ታስተካክልላታለች። የሚታየኝ የጉንጯ መስመር፣ የአፍንጫዋ ጫፍና ሻሹን የያዙ ጣቶቿ ብቻ ናቸው። አንድ ነገር እየተናገረች መሆን አለበት፤ ከንፈሯ በጥቂቱ ተከፍቷል። ለእኔ የተሰጠ አድርጌ ለወራት የተቀበልሁት ፈገግታ እናቴ ለተናገረችው ነገር የተሰጠ መልስ ኖሯል።

ለአጎቴ ላክሁለት። በማግሥቱ ደወለ፤ ድምፁን መጀመሪያ አላወቅሁትም።

«እሷ ናት» አለ። «ከሰው ዓይን ስሸሽጋት ለራሴም አላስቀረሁ። ሳስባት ፊቷ የማይመጣልኝ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ልጄ፣ ያ መሣሪያ… ወደ እኛ ሊያዞራት አይችልም?»

«አይችልም፣ አጎቴ» አልሁት።

እሱ ግን ስልኩን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁም።