ከሁለቱ መኪኖች ሥር

መኪና የማውቀው ከሥሩ ነው። ሌላው ሰው መሪ ይዞ ወይ ኮፋኖ ከፍቶ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጅዳ ውስጥ የአንድ ቤት ግቢ ሳጥብ፣ ጎንበስ ብዬ በሆዱ በኩል ነው የተዋወቅሁት። ግቢውን እነሱ ሆሽ ይሉታል። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ማን እንደመረጠው ባውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ቃል እናገረው ነበር። ነጭ ወለል ላይ መኪና ማቆም፣ ነጭ ነጠላ ለብሶ ወጥ እንደማውጣት ነው።

ማዳም ወለሏን ትወዳለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ባለሙያ መባል እወዳለሁ። ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስኩ፣ ቤቱ ገና ተኝቶ ሳለ፣ የፈላ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙናና ብሩሽ ይዤ እወጣለሁ። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከሥራቸው ያደረውን ሁሉ አጥባለሁ፤ አቧራውን፣ የጎማውን ጥቁር፣ የተንጠባጠበውን። ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ ፊት ያሳያል።

መኪኖቹ የማዳም ሁለት ልጆች ናቸው፤ ማለቴ የልጆቿ ናቸው፣ ግን እሷም አንዳንዴ እንደ ልጅ ትቆጣቸዋለች። የታላቁ ከአሜሪካ የመጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ያለው፤ አንዲት ቡሎን አልተነካችም፤ እሱም በዚህ ይኮራል። የታናሹ ትንሽ የጃፓን መኪና ነው፣ ባለ አራት ሲሊንደር። እሱ ደግሞ ደህና የሚሠራውን ሞተር አስፈትቶ፣ ቱርቦ አስገብቶ፣ ማርሚታውን አስቀይሮ፣ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ነገር አድርጎታል።

ምሳ ላይ ሩዙ ሲቀርብ ክርክሩም አብሮ ይቀርባል።

«ያንተ በስምንት የሚሮጠውን የኔ በአራት ይሮጠዋል» ይላል ታናሹ።

«ዛሬ ነዋ። ከዓመት በኋላ እንነጋገር። የኔ እንኳን ሊበላሽ፣ አንዲት ጠብታ ጠብ አድርጎ አያውቅም።»

«የኔስ መቼ ጠብ አደረገ?»

እኔ ትሪ እያነሳሁ ጆሮዬን እዚያው ትቼ ነበር ወደ ኩሽና የምሄደው። የኔ ጥያቄ ግን ከነሱ የተለየ ነበር። ሰው ምን ቢነካው ነው የማያስቸግር ነገር የሚፈታው? ይህን የሚያስረዳኝ አጥቼ ስብሰለሰል፣ የፈታው ሰውዬ ራሱ ቤት መጣ።

ፔትሮሚን በሚባለው ሰፈር ካሉት ወርሻዎች፣ ከጋራዦቹ ማለቴ ነው፣ በአንዱ የሚሠራ የወሎ ሰው ነው፤ ያገሬ ሰው። አልፎ አልፎ ላፕቶፕ ይዞ እየመጣ የታናሹን ሞተር ያስተካክላል። ውኃ አቀብዬው እዚያው ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ይሄ ቱርቦ የምትሉት ምንድነው?»

ሳቀ፤ ግን አልናቀኝም። «ሞተር አየር ይበላል እህቴ። ይሄ እንግዲህ አየሩን የሚያጎርሰው ነው። ባጎረሰው ቁጥር ጉልበት ያገኛል።»

«ሲያጎርሰው አይታነቅም?»

«ካበዛንበት ወላሂ ይታነቃል! መጠኑን አውቀን ነው።»

«ታዲያ የማን ይሻላል? የታላቁ ወይስ የዚህ?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁለቱንም አያቸው። «የፋብሪካው ቸልተኛ ሰውንም ይችላል። ይሄ ግን የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ካዩት ያገለግላል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ የታናሹ ወገን ሆንኩ። ልጁንም እወደዋለሁ። ከቤቱ ወንዶች ሁሉ የበላበትን ሳህን ራሱ ኩሽና የሚያደርስ እሱ ብቻ ነው፤ «ኻላ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ አክስቴ እንደማለት።

ማዳም ግን መኪናው ከወርሻ በወጣ ዕለት አስጠንቅቃው ነበር። «ወለሌ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ባየሁ ቀን፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ይሸጣል!» አለችው። እኔም ሰማሁ።

ረጀብ ወር ላይ፣ ከረመዳን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይሆናል፤ አንድ ጠዋት ከታናሹ መኪና ሥር፣ ከፊት ጎማው ወደ ኋላ፣ ምስር የምታህል ቡናማ ነጥብ አየሁ። ደነገጥኩ። የደነገጥኩት ለሞተሩ አይደለም፤ ለልጁ ነው። ማዳም ሳትነሳ ፈተግኳት። በማግስቱ ሌላ ነበረች። ጉልበት የተጨመረበት ነገር ትንሽ ቢያልበው ምን ይገርማል ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። እንዲህ ነኝ፤ የማላውቀውን እጠይቃለሁ፣ መጠየቅ የፈራሁ ቀን ግን መልሱን ራሴ እሠራለሁ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ነበር። ልጁ በየጠዋቱ ቁልፉን እያሽከረከረ ይወጣል፤ ቶቡን፣ ያን ረጅም ቀሚሱን፣ ሰብስቦ ቁጢጥ ይላል፤ አንገቱን ጠምዝዞ ከመኪናው ሥር ያያል። ከዚያ «ማሻአላህ» ብሎ ኮፋኖውን ቸብ ቸብ ያደርግና ይሄዳል። ደሜ ይፈላል! እናትየው የምትቆጣጠረኝ አንሶ ልጇ ደግሞ እጥበቴን ሊፈትሽ? ቆይ አሳይሃለሁ እልና በማግስቱ አብልጬ እፈትጋለሁ። ነጥቧ ምስር መሆኗ ቀርቶ ሳንቲም አከለች፤ ረመዳን ሲወጣ የሻይ ብርጭቆ አፍ አከለች። እሱ ግን አንድም ቀን አላያትም። በዚህ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ሸዋል ላይ፣ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ መካ ያለችው የማዳም እህት ታመመች። ታላቁ ሥራ ላይ ስለነበረ ማዳም በታናሹ መኪና ለመሄድ ፈቀደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልጁ ከደስታው ብዛት በሩን ራሱ ከፈተላት። እኔም ለበሽተኛዋ የሠራሁትን ሾርባ ታቅፌ ከኋላ ገባሁ።

መንገዱን በሰላም ጨረስነው። መካ መግቢያ ላይ፣ ኩዳይ አካባቢ፣ የሑጃጅ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ሳንርቅ፣ ከእግሬ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ክዳኑ ያልገጠመ ድስት ሲፈላ የሚያሰማው ዓይነት፣ ቶሎ ቶሎ። ወዲያው ከመሪው ፊት ማንቆርቆሪያ የመሰለች ቀይ መብራት በራች። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ዳር ይዞ ሳያቆም ሞተሩ ራሱ ቀጥ አለ።

ቀን ሥራ የሚጠብቁ ያገራችን ልጆች ሮጠው መጥተው «አብሽሪ እህቴ» እያሉ ገፍተው ዳር አስያዙን። ማዳም ጥላ ሥር ቆመች፤ ጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ታላቁ ተጠርቶ መጣ፤ ሾርባውን ከበሽተኛዋ ቤት አድርሰን፣ መኪናውን ሰጣሃ በሚሉት የጭነት መኪና አስጭነን፣ ከኋላው እየተከተልን ፔትሮሚን ገባን። ማዳምና እኔ የታላቁ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱን ከፍተን ቀረን።

የወሎው ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ክንዱ እስከ ክርኑ ዘይት ነው።

«ከቱርቦው ዘይት የሚመልሰው ቱቦ ላልቷል። ዘይቱ አልቆ የሞተሩ ብሮንዚን፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚይዘው፣ ተበልቷል» አለ በዐረብኛ። «ይሄ የአንድ ቀን አይደለም፤ ወራት ሲያንጠባጥብ ነበር። በየጠዋቱ ከሥሩ እይ ብዬህ አልነበረም?»

«አይቻለሁ! ዋላሂ በየጠዋቱ ቁጢጥ ብዬ አይቻለሁ። አንዲት ጠብታ አልነበረችም።»

እኔ መኪናው ውስጥ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

ታላቁ አጠገባቸው ቆሞ ወደሚሰማው የወርሻው ባለቤት ዞረ። «ሰማህ? ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም። የሚዋሸው ይሄ ነው፤ አበላሽቶ ሲያበቃ ጥፋቱን በልጁ ያላክካል።»

ባለቤቱ የሰውዬው ከፊል ነው፤ አሠሪውም ዋሱም። እዚህ አገር ከፊል ሲቆጣ ኢቃማም፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አብሮ እንደሚሄድ የማያውቅ ሐበሻ የለም። «ኸላስ» አለው፤ «ዕቃህን አስቀምጥ። ነገ ስለ መሄጃህ እንነጋገራለን።»

 ሰውዬው የያዘውን መፍቻ አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው፤ ሌሎቹ መፍቻዎች በተደረደሩበት፣ በቦታው። ያቺ ጥንቃቄው አንጀቴን በላችው።

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ለሰው መኪና የምከፍልበት የለኝም፤ እኔም ኢቃማ አለኝ፤ እኔም ከፊል አለኝ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ሳላስፈቅድ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«ጠብታ ነበረች» አልኩ በኩሽና ዐረብኛዬ። «በየቀኑ ነበረች። እኔ ነኝ ያጠብኳት። እሱ ሳይነሳ።»

ሁሉም ዞሩብኝ። ልጁ ወደ እኔ ተጠጋ። «ኻላ! እኔ እኮ እሷን ነበር የምፈልገው።»

«እኔ ደግሞ እጥበቴን የምትፈትሽ መስሎኝ ነበር!» አልኩት፤ ድምፄ ተቆጥቶ ወጣ፣ እንባዬም አብሮ።

«ታዲያ መኪናውን የገደልሽው አንቺ ነሽ!» አለ ታላቁ።

ከኋላዬ ማዳም በመስኮቱ በኩል ተናገረች። «ወለሌ ላይ ጠብታ ካየሁ ይሸጣል ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ለወንድምህ ሳስታ ነው። ጥፋተኛ ከፈለግህ እኔ አለሁ፤ ሰውዬውን ተወው።» ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ሰው ፊት «እኔ ነኝ» ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለቤቱ ጢሙን አሻሸ፤ ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ለሰውዬው መለሰለት። ይቅርታ አልጠየቀውም።

የወሎው ሰው ግን ወዲያው ወደ ሥራው አልተመለሰም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ በአማርኛ፣ እጅግ ጓጉቶ ጠየቀኝ። «እህቴ፣ መጠኗን ታስታውሻለሽ? መጀመሪያ ምን ታህል ነበር?»

እንዴት አላስታውስ! ምስሩን፣ ሳንቲሙን፣ የብርጭቆውን አፍ ነገርኩት። ልጁ እያስጮኸ ነድቶ ባደረ ማግስት እንደምትሰፋ፣ ዝም ብሎ የቆመ ቀን እንደምታንስ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። «ሲግል ነው የሚለቀው ማለት ነው፤ ያ ረቢ! እኔ ልመረምረው ሳምንት የሚፈጅብኝን አንቺ በብሩሽ ደረስሽበት።» ደስ አለኝ፤ አፈርኩም፤ ሁለቱም እኩል ነበሩ።

መኪናው አልተሸጠም። ሊሠራ ወርሻ ቀረ። ማዳም አዲስ ትእዛዝ አወጣች፤ ልጆቿ አይተው ሳይጨርሱ ሆሹ አይታጠብም። ልቤ እያመመኝ ብሩሹን ጥግ አስደገፍኩት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ታላቁ ቁልፉን ይዞ ወጣ። እኔ ደረጃው ላይ ሩዝ እለቅማለሁ። ሆሹ ውስጥ የቆመው የእሱ መኪና ብቻ ነው። ሊገባ ሲል ቆመ፤ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

«ይሄ ዘይት የወንድሜ መኪና ያፈሰሰው ነው?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከትእዛዝና ከቁጣ ሌላ ያናገረኝ ያኔ ነው።

«የወንድምህ እዚህ የለም» አልኩት።

በጣቱ ነክቶ አሸተተ። አንገቱ ቀልቶ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሩዙን አስቀመጥኩ። ምሳ ላይ የሰማሁት ክርክር ሁሉ፣ የማን ይታመናል፣ የማን አይታመንም፣ በኔ ብሩሽ ላይ ቆሞ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ከወንድምህ መኪና በፊት ጀምሮ» አልኩት።

ከመኪናው ሥር እንደገና አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ የወሎውን ሰው ቁጥር ጠየቀኝ።