ውሃ የምትጠጣው ታንኳ

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አባቴ በኮምፒውተር የሠራሁትን ጨዋታ አይተው «ይቺማ ታንኳ አይደለችም» ብለውኝ የወጡት። ቁጣ የለበትም፣ ሳቅም የለበትም። ገበያ ላይ የጠወለገ ሽንኩርት አይተው እንደሚያልፉት አለፉኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነበር። አንዲት ልጅ የአያቷን ከበሮ ታንኳ ላይ ጭና ከባሕር ዳር ትነሣና ለንግሥ በዓል ደቅ ደሴት ታደርሳለች። በየደሴቱ እየወረደች ሰው ታነጋግራለች፤ ሥራ ይሰጧታል፣ ትማራለች፣ እየጎለመሰች ትሄዳለች። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ወንድሜ ዓባይ ማዶ ጌም ቤት ነበረው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝምና እዚያው ቁጭ ብዬ ደንበኛ አስተናግድ ነበር። ሰው ሲቀዘቅዝ በነጻ የሚገኝ የጨዋታ መሥሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ጫንሁና ነካክቼ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ነካክቼ ለመድሁት። ከሰው ጨዋታ ያየሁትን ሁሉ ከተትሁበት። ልጅቷ ጎራዴ ነበራት። ከጣና መሐል እሳት የሚተፋ ዘንዶ ይወጣባታል። ታንኳዋ ደግሞ እንደ ባጃጅ ትከንፋለች።

አባቴ የደቅ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እስኪታመም ድረስ እንጨትና እህል በታንኳ ከደቅ ባሕር ዳር ሲያመላልሱ የኖሩ። ዘንዶውን ቢነቅፉብኝ፣ ጨዋታ የሥራ ፈት ነው ቢሉኝ ምንም ባልመሰለኝ፤ ያንንማ እናቴም ትለኛለች። ታንኳ አይደለችም ማለታቸው ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። ኮምፒውተሩም ከጊዜ በኋላ ተቃጠለ፤ ጨዋታውም አብሮ ሄደ። እኔም እሰይ ሄደልኝ አልሁ፤ ግን ውሸቴን ነበር። አንድ ቀን አባቴ እጄ የሠራውን አይተው «ታንኳ» እንዲሉልኝ እፈልግ ነበር። ሌላ ምስጋና አልፈለግሁም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ወንድሜ የጌም ቤቱን ጓዳ ሲያጸዳ ያንን የልጅነታችንን መጫወቻ አገኘው፤ ካሴት የሚጎርሰውን፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘውን። አቧራውን አራግፌ ስሰካው ሠራ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ለካ ዛሬም ለዚህ መጫወቻ አዲስ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ አሠራሩንም ለፈለገ ሁሉ ጽፈው አስቀምጠውታል።

«ጋሼ፣ የድሮውን ጨዋታ ለዚህ ልሠራው ነው» አልሁት ወንድሜን።

«ሰው ወደፊት ይሄዳል፤ አንቺ ወደ ኋላ።»

«ወደ ኋላም ቢሆን መሄድ ነው።»

መጀመሪያ ግን አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ያን ሁሉ ዓመት ቃላቸውን ተሸክሜ ስዞር ለምን እንዳሉት ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ታንኳዬን ታንኳ አይደለችም ያሉኝ ለምን ነበር?»

ረስተውት ይሆናል ብዬ ነበር። አልረሱም። «ምን ትጠጣለች?» አሉኝ።

«ማን?»

«ታንኳሽ። ከደንገል ሣር የታሰረች አይደለች? ደንገል ውሃ ይጠጣል። ያንቺዋ ልጅ ከማለዳ እስከ ማታ ትቀዝፋለች፣ ታንኳዋ ጠብ አይልባት። እሷ ጀሪካን ናት፣ ታንኳ አይደለችም።»

«እሺ፣ ከጠጣችስ በኋላ?»

«ታወጫታለሽ፣ ለፀሐይ ታቆሚያታለሽ፣ እስክትደርቅ ትጠብቂያለሽ። መቅዘፉንማ ማንም ይቀዝፋል። ሥራው መጠበቁ ነው።»

እየሳቅሁ ተመለስሁ። ጨዋታዬ ምን እንደጎደለው በአንድ ቃል ነግረውኝ ነበር።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያ መጫወቻ ያለው ቦታ ዛሬ በስልክ የምናነሣትን አንዲት ፎቶ አይዝም። ፊደላችንን ስጭንበት ገና ልጅቷ ሳትገባ ቤቱ ሞላ። ስለዚህ በየደሴቱ የሚነገረውን አሳጠርሁ፤ ለዚያ ንግግር የሚያስፈልጉትን ፊደሎች ብቻ እየጠራሁ፣ ልጅቷ ስትሄድ እያሰናበትሁ ሠራሁ። ሰዎቼ ቁጥብ ሆኑ። የሐይቅ ሰው ደግሞ እንዲያውም ቁጥብ ነው፤ አማረባቸው። ሴት የማይገባበት ገዳም ስትደርስ ልጅቷ ዳርቻው ላይ ትቀራለች፤ መነኩሴው ወርደው ያነጋግሯታል። በዚህ ሥርዓቱም ተከበረ፣ እኔም ገብቼ ያላየሁትን ከመሳል ዳንሁ።

ለታንኳዋ ጥም ቦታ ሲጠፋ ዘንዶውን አወጣሁት። ጎራዴውም ተከትሎት ሄደ። ወንድሜ ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«ዘንዶውን አውጥተሽ ምን ልታሳዪ ነው?»

«እርጥብ ደንገል።»

«በቃ፣ ቀበርሽን።»

አሁን ታንኳዋ በሄደች ቁጥር ትከብዳለች፤ ቀስ ትላለች፤ ወገቧ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሳታደርቂ ከቀጠልሽ ከበሮው ይርሳል፣ ቀጥሎም ትሰምጫለሽ። የዚያ መጫወቻ ድምፅ ሌላው ሁሉ ቲን ቲን ነው፤ አንደኛው ድምፁ ግን ሹክሹክታና ኳኳታ የሚያወጣ ነው፤ እሱን ስገራው ከበሮ ሆነልኝ። የደረቀው ዱም ይላል፣ የራሰው ጠፍ። ባዶ ካሴት ከወረታ የሚመላለስ ነጋዴ አስመጣልኝ። ጨዋታዬን ጻፍሁበትና ጌም ቤቱ ውስጥ ሰካሁት። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ መቅዘፊያዋን ይዛ ስትቆም እጄን አፌ ላይ ጫንሁ።

ጌም ቤቱን የሚያዘወትሩት የባጃጅ ሾፌሮች በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰመጡ። ማቆም የሚባል አያውቁም። «ከበሮህ እኮ ሻይ ውስጥ የገባ ዳቦ ሆነ» ይለዋል አንዱ ሌላውን። የተሳደበውም ተራው ሲደርስ ይሰምጣል። በነጋታው ተመልሰው መጡ፤ ሌላ ሰውም አስከትለው መጡ። ወንድሜ ዘንዶውን ዳግመኛ አላነሣብኝም።

አባቴ የመጡት ቅዳሜ ጧት ነው። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፤ ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው። ቀኝ ግራውን አሳየኋቸው። ቀስ ብለው ቀዘፉ። ጉማሬ ሲያዩ ራቅ ብለው ዞሩት። ታንኳዋ ሳትከብድ ገና ዘጌ ዳርቻ አስጠጓት፣ አወጧት፣ አቆሟት። ከዚያ ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው፣ ተነሥተው ደጅ ወጡና ሻይ አዘዙ።

ከኋላቸው ወረፋ ቆሟል። ተከትያቸው ወጣሁ።

«አባባ፣ ደርቃለች እኮ።»

«አሁን አይደለም እንዴ ያወጣኋት?»

«እዚያ ውስጥ ፀሐዩ ፈጣን ነው።»

«ፀሐዩስ ይሁን። ነፋሱስ? ቀትር ሲያልፍ ጣናን ማን ይሻገራል? አድሬ በጧት እነሣለሁ።»

ነፋስ አልሠራሁም ነበር።

አንድ ሾፌር ብቅ አለ። «አባቴ፣ ወረፋ አለ።»

«የቸኮለ ገብቶ ይስመጥ» አሉት ሻያቸውን ፉት እያሉ። «ታንኳ ለፀሐይ ቆማ አይታችሁ አታውቁም? ቁጭ በሉ።»

ወንድሜ ከውስጥ ቀና ብሎ አየኝ። እሳቸው «ታንኳ» እንዳሉ አላስተዋሉትም። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ሲመለሱ ያ ሁሉ ወረፋ ጠብቋቸው ነበር። ደሴት ለደሴት እያደረቁ፣ በየዳርቻው ለሾፌሮቹ እያስረዱ፣ ደቅ ደረሱ። ከበሮው ዱም አለ፤ የጌም ቤቱ ሰው በሙሉ አጨበጨበ። እሳቸው ምርኩዛቸውን አነሡና «ነፋሱን ጨምሪበት» ብለውኝ ወደ ቤት ሄዱ።

ነፋሱን ጨመርሁ። እሱን በጨረስሁ ሰሞን አባቴ መጫወቻውን ከነካሴቱ በጋቢ ጠቅልለው በጀልባ ደቅ ተሻገሩ፤ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ሄደው አያውቁም ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ቤት ሰነበቱ። እዚያ የድሮ የታንኳ ሰዎች እየተሰበሰቡ ሲጫወቱና ሲከራከሩ እንደከረሙ ነገሩን። ሲመለሱ ጋቢውን ለብሰውት ነበር። መጫወቻውን ለወንድማቸው ትተውት መጡ።