የጥዱ ዋስ

ሰው ለሰው ዋስ ሲሆን አይታችኋል። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ስሠራ ለዛፍ ዋስ ሆኛለሁ።

ያኔ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። እትዬ አስካለ የሚባሉ አሮጊት፣ ጣሪያቸው ላይ ያዘነበለ ትልቅ ጥድ እንዲቆረጥላቸው ቀበሌውን ጠየቁ። ሊቀመንበሩ "አገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው" ብሎ እንድመረምረው አስጠራኝ። ግንዱን ዞር ዞር ብዬ አየሁና "ጤነኛ ነው፤ አይወድቅም" አልኩ።

"ቢወድቅስ ማን ይጠየቃል?" አሉ እትዬ አስካለ።

ሊቀመንበሩ እኔን አየ፤ እኔም እሱን።

"እንግዲያው ዋስ ይጥራልኝ" አሉ። "በኛ አገር በሰው ላይ የዛተ ዋስ ሳይጠራ አይለቀቅም። ይሄ ጥድ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይዝትብኛል።"

ነገሩን ሊያዩ የተሰበሰቡት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ "እውነታቸውን ነው" አሉ። ሊቀመንበሩም ቀልጠፍ ብሎ "አይወድቅም ያለው እሱ ነው" አለ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ "እሺ፣ ዋስ ነኝ" አልኩ። ከዚያ ረሳሁት።

ከጊዜ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ሻንጣዬ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ሳለ እትዬ አስካለ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ይሄ ሰውዬ ዋሴ ነው። ምትክ ሳይጠራ የት ይሄዳል?"

"ለማን ነው ዋስ የሆነው?" አለ ሾፌሩ።

"ለጥድ።"

ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን ብቻዬን ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ረዳቱን "ሻንጣውን አውርድለት" አለው።