ያልተላለፈው ግማሽ

በሬዲዮ ጣቢያችን «በረኛዋ» እያልን የምንጠራት ሴት ነበረች። ሥራዋ ስልክ ማንሳት ነው። ጠዋት ጠዋት በሚተላለፈው የሕዝብ ክርክር ላይ ለመናገር የሚደውል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ትሰማዋለች፤ ደህና ሰው ከሆነ ወደ አቅራቢው ታሳልፈዋለች፤ ሰካራም ወይም ተሳዳቢ ከሆነ በለዘበ ድምፅ ሸኝታ ቀጣዩን ታነሳለች። እኔ የድምፅ ቴክኒሻን ነበርኩ። ወንበሬ ከወንበሯ ጎን ነው፤ ፊታችን መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ አቅራቢው። ብዙ ዓመት አብረን ስንቀመጥ በእሷ በኩል ሾልኮ አየር ላይ የተሳደበ ሰው አላስታውስም። ስሙም የወጣላት ለዚህ ነው።

ሰውን የምትለየው በትንፋሹ ነበር። «ይሄኛው ጽፎ ነው የሚያነበው፣ ያስተኛናል» ትለኛለች እጇን በማይክሮፎኑ ላይ አድርጋ። «ይቺ ሴትዮ አልቅሳ ነው የደወለችው፣ ትንሽ ትረጋጋ» ትልና ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጤናዋ እየጠየቀች ታቆያታለች። ሴትዮዋ አየር ላይ ስትገባ ድምፅዋ ኩልል ብሎ ይወጣል።

ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሟ የስፖርት መምህር ነበር፤ በዕረፍት ቀኑ ደግሞ የሰፈር ቡድኖችን ይዳኛል። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እሷን በእጁ ይዞ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ነው ያደገችው። ትዳር የያዘውም እሷን ለወግ ለማዕረግ ካበቃ በኋላ ነው። «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ሽበት አውጥታም «ሚጡ» ነው የሚላት። በዳኝነቱ ሲሳሳት ያዩት አሉ፤ ሲያዳላ ያየው ግን የለም። የተሸነፉት ድንጋይ ሲወረውሩበት እንኳ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም ይባላል።

ታዲያ በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱን ዋና ዳኛ ከሥራ አባረረ። ነገሩ የመጣው በአዋጅ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመኑን ያለ ምርጫ ለማራዘም አዋጅ አወጣ፣ ዳኛው «ይህ ሕግ አይደለም» ብለው ጣሉት። በማግስቱ ቢሯቸው ሲደርሱ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ፣ ሁለት ወታደሮች ደጁ ላይ ቆመው አገኙ።

አገር ምድሩ ለሁለት ተከፈለ። «እሳቸው ባይኖሩ አገር ይበተናል» የሚለውና «እሱ እያለስ መች ተሰበሰበ» የሚለው በባንክ ሰልፍ፣ በሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር፣ በታክሲ ውስጥ ይናጫል። አንድ ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ «ሂድ፣ የቀረውን ፕሬዚዳንትህ ይላጭህ» ብሎ አባረረው ተባለ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ማሰሪያ አንቀጹን መስማት ይበቃ ነበር። «አባረሩ» ያለ ደጋፊ ነው፤ «አባረረ» ያለ ተቃዋሚ። እኔ አሁን «አባረረ» የምለው ሰውዬው ስለሌለ ነው። ያን ጊዜ የምለው «ከሥራቸው ተነሡ» ነበር፤ ማን እንዳነሣቸው የማይታወቅ ይመስል።

የጣቢያችን ኃላፊ ሰበሰበን። ዝም በሉ አላለንም፤ «ሚዛን ይጠበቅ» ነው ያለን። መጀመሪያ አንድ ተቃዋሚ ሲገባ አንድ ደጋፊ ይግባ ተባለ። ቀጥሎ ሦስት ደጋፊ ለአንድ ተቃዋሚ ሆነ። ከዚያ «ተቃዋሚም ቢሆን ለዘብ ያለውን» መጣ። በመጨረሻ ደጋፊ ከደጋፊ ጋር ሲከራከር እናስተላልፍ ጀመር። አንዱ «ታላቅ መሪ ናቸው» ሲል ሌላው «ታላቅ የሚለው ቃል ያንሳቸዋል» እያለ ይጣላል። የፕሮግራሙ ስም ግን አሁንም ክርክር ነው።

በረኛዋ የታዘዘችውን አደረገች። የተቃወመውን ሁሉ «ይቅርታ፣ መስመሩ ተይዟል» ትለው ነበር። ሰው ግን ቶሎ አይዘጋም። አየር ላይ መግባት እንደማይችል እያወቀ ለእሷው ይነግራታል። ስለ ታሰረ ልጁ፣ ስለ ተወሰደ መሬቱ፣ ስለሚፈራው ጎረቤቱ። አንዳንዱ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። «እኔ ስልክ ነው የማነሳው» ትለዋለች። አንድ ቀን ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጆሮዋን እያሸች፣ «መቃብር ሆንኩ እኮ» አለችኝ። «ሰው ቃሉን እኔ ጋ ቀብሮ ይሄዳል።»

ከዕለታት አንድ ቀን ስልክ አንስታ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እኔ የምሰማው እሷን ብቻ ነበር፤ የደዋዩን ወገን በኋላ ነው የነገረችኝ።

«ጋሼ? ሥራ ላይ እኮ ነኝ፤ ስወጣ ልደውልልህ?»

«ለሥራሽ ነው የደወልኩት። ተራዬን እጠብቃለሁ፤ መናገር እፈልጋለሁ።»

«መስመሩ ተይዟል።»

«ሚጡ፣ ለእኔም?»

በየቀኑ ይደውል ጀመር። እንደ ማንም ሰው ስሙን ተናግሮ፣ ርዕሱን ተናግሮ። እሷም እንደ ማንም ሰው ትመልሰዋለች። በመጨረሻ ልታስተወው ቤቱ ሄደች። ሚስቱ በር ላይ ተቀብላ «እባክሽ አንቺን ይሰማል፣ ንገሪው» አለቻት። እሱ ሳሎን ተቀምጧል፤ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ከራስጌው ተሰቅሏል። በሁለቱም ምርጫ የመረጠው ሰው ነው።

«ጡረታ ወጥተሃል፣ ምን አገባህ?» አለችው።

«ዳኛ ነኝ እኔ» አላት። «ተጫዋች ተነሥቶ ዳኛውን በቀይ ካርድ ሲያስወጣ ዝም ብዬ ካየሁ፣ ያን ሁሉ ዘመን ፊሽካ የነፋሁት ለምንድን ነው?»

«ስሜት ይዞህ ክፉ ቃል ካመለጠህስ?»

«ሳሳድግሽ ስሳደብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው።»

ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቶ የነበረ ቀን አስገባችው። ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ ነው» አለችኝ በከንፈሯ ብቻ። ድምፁን ከፍ አደረግኩለት።

«እንደምን አደራችሁ» አለ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ቀስ ብሎ። «እኔ ፕሬዚዳንታችንን መርጫቸዋለሁ። ፎቷቸውም ቤቴ ተሰቅሏል፤ አላወረድኩትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ዳኛውን በቀይ ካርድ ያስወጣል ወይ?»

አቅራቢው ሳያስበው ሳቀ። «ኧረ አያስወጣም» አለ።

«እሳቸው ያደረጉት ይህን ነው። አምበል ናቸው፤ ጥሩ ተጫዋችም ነበሩ። ፊሽካው ግን የእሳቸው አይደለም።»

ይኼኔ በሩ ተበረገደ። ኃላፊው መኪናው ውስጥ እያዳመጠ ነበር፤ ከመንገድ ተመልሶ ነው። መጥቶ ከበረኛዋ ጀርባ ቆመና እጁን የወንበሯ መደገፊያ ላይ አሳረፈ። በድምፅ ማጉያው ወንድሟ ቀጠለ፤

«ደግሞም ፕሬዚዳንቱ ሌባ ነው...»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ወደቀ። አየሩ ጭር አለ። አቅራቢው «መስመሩ ተቋርጧል» ብሎ ሙዚቃ ጠራ፤ እኔም ለቀቅኩ።

መስመሩ የተቋረጠው ከአየር ላይ ነው እንጂ ከእሷ ጆሮ አይደለም። ወንድሟ ምንም ሳያውቅ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ። «...እያሉ በየመንገዱ የሚጮኹትን አልደግፍም። ስድብ ክርክር አይሆንም። እሳቸውም ይከበሩ፣ ዳኛውም ወደ ወንበራቸው ይመለሱ ነው የምለው። ሄሎ? እየተሰማሁ ነው?»

«ተቋርጧል ጋሼ» አለችው።

«የት ላይ?»

ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ኃላፊው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና፣ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ወጣ።

ቀትር ሳይሆን «ፕሬዚዳንቱ ሌባ ነው» የሚለው ቃሉ አገር አዳረሰ። ወንድሟን «ዳኛው» እያሉ፣ ቃሉን «የዳኛው ቃል» አሉት። ልጆች በየግድግዳው ጻፉት። የወጣቶች ስልክ ሲጠራ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ሆነ። ደጋፊዎች የቤቱን መስኮት በድንጋይ አወረዱት፤ ተቃዋሚዎች እጁን ሊጨብጡ ደጁ ላይ ተሰለፉ። እሱ ለሁለቱም «አልጨረስኩም እኮ፣ ቀጥሎ ያልኩት...» ይላል። እጁን የሚጨብጡት ዓይናቸውን ጠቅሰው «ገብቶናል ጋሼ፣ ገብቶናል» ብለውት ይሄዳሉ። መስኮቱን የሰበሩትም ገብቷቸዋል። ያልገባው ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው፤ ክሱ የአገር መሪን መስደብ።

ጣቢያው ውስጥ ደግሞ በረኛዋ ተጨበጨበላት። ኃላፊው በስብሰባ መሐል «ያቺ ፈጣን እጅ ባትኖር ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር» አለና የክፍል ሹመት ሰጣት። የታሰረው ሰው ወንድሟ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቀም። ያወቀው ምስክር ሆና ስትቆም ነው።

ምስክር ልሁን ስትል ብዙ ሰው መክሯታል። እኔም «አንቺም ትጠፊያለሽ፣ እሱም አይድን» ብያታለሁ። አልሰማችኝም። ቀሪውን ግማሽ የሰማች እሷ ብቻ ናት፤ የተቀዳውም ድምፅ «ነው» ላይ ያበቃል።

ችሎቱ ጢም ብሎ ነበር። የሰማችውን ቃል በቃል ተናገረች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ከዚያ በፊት ያለውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ‹እሳቸው› ነው የሚለው። አንድ ቦታ ብቻ ‹ነው› አለ፤ እሱም የሌላ ሰው አፍ ሲጠቅስ ነው። የራሱ ቃል ቢሆን ‹ናቸው› ይል ነበር።»

አዲስ የተሾሙት ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሰዋስው ትምህርት እዚህ አንማርም። የተከሳሽ እህት ነሽ?»

«አዎ።»

«መስመሩን የቆረጠው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ስድብ መስሎሽ?»

ዳኛው ጥያቄውን ደገሙት።

«አዎ» አለች።

«እህቱ ስድብ ነው ያለችውን እኛ ምን እንበለው?» አሉና ሰው ሳቀ። ጠበቃው ራሱን ያዘ።

ወንድሟ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ እውነቱን ተናገረ፤ እንዳልሰደበ፣ መሳደብም እንዳልፈለገ። ዳኛው አላመኑትም። ወደ ኋላ የተቀመጡት፣ ስሙ የታተመበት ሹራብ ለብሰው የመጡት ወጣቶች ግን አመኑት። እነሱ ጀግና ፈልገው ነበር የመጡት። አንዱ «ፈራ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ሌላው ወደ በረኛዋ ጣቱን ቀስሮ «እሷ ናት ያስፈራራችው» አለ። ሁለት ዓመት ሲፈረድበት ከችሎቱ ግማሹ ባዶ ሆኗል። እስር ቤት ልብስና መጽሐፍ ይልኩለት የነበሩት በዚያው ተዉት። እሷም ከሥራ ተሰናበተች፤ ምክንያቱ «የመዋቅር ለውጥ» ተባለ።

ወንድሟ እስሩን ጨረሰ። ሚስቱና እሷ በሩ ላይ ጠበቁት። ከስቶ፣ ቀበቶው በገመድ ተተክቶ ወጣ። ሚስቱን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረና እጁን ዘረጋላት።

«እንደምን ከረሙ?»

የሚቀልድ መሰላት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቄዎታለሁ። ስለ ምስክርነትዎ አመሰግናለሁ።»

መንገዱ ላይ እያለቀሰች ለመነችው። ኃላፊው ከጀርባዋ ቆሞ እንደነበር፣ ለእሱ ብላ እንደ ፈራች ነገረችው። እስክትጨርስ ሳያቋርጥ አዳመጣት።

«ኃላፊውን ቢፈሩ አልቀየምም» አላት። «ሰው ነዎት። ግን ዳኛው ሲጠይቁዎት እርስዎ ‹ስድብ መስሎኝ ነው› አሉ። ያሳደግኋት ልጅ ‹ጋሼ አይሳደብም፣ ይጨርስ› ብላ አንዲት ትንፋሽ አልጠበቀችኝም። እስር ቤት ሆኜ የማላምጠው ይህንን ብቻ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ታመመ፣ ጄኔራሎቹ ከዱት፣ በሌሊት ወጥቶ ሄደ። አቅራቢያችን «በጨለማው ዘመን የሕዝብ ድምፅ» ተብሎ ተሸለመና የጣቢያው ኃላፊ ሆነ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ «ዳኛውን» በልዩ ፕሮግራም መጋበዝ ነበር። የመቅጃ መሣሪያ ይዤ ቤታቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።

«ያቺን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልን» አለው አብሮኝ የሄደው ጋዜጠኛ።

«ሙሉውን ካስተላለፋችሁ እናገራለሁ።»

ጋዜጠኛው ስልክ ደውሎ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ሰዓቱ አይበቃንም ነው የሚሉት።»

ሰውዬው አልተቆጣም። እስከ ደጅ ድረስ ሸኘን።

ዘንድሮ ሚስቱ አልጋ ላይ ውላለች። በረኛዋ አሁን የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ትይዛለች፤ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እነሱ ቤት ሄዳ ታጥባታለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ መድኃኒት ትሰጣታለች። በሩን የሚከፍትላት ወንድሟ ነው። «ይግቡ» ይላታል፣ ኮቷንም ተቀብሎ ይሰቅላል። ሥራዋን ስትጨርስ «ደክመዋል፣ ይረፉ» ብሎ ወንበር ይስብላታል።

«አንድ ቀን እንኳ ቢጮህብኝ» አለችኝ ባለፈው ሳገኛት። «ሚስቱ አልጋው ላይ ሆና ‹ኧረ ተው፣ ሚጡ ናት› ትለዋለች። አንገቱን ይነቀንቅና፣ ‹እኔስ መች አይደሉም አልኩ?› ይላታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ‹ውሃ ላምጣልዎ?› ይለኛል።»